ዘጋቢው የት ይኑር? (በአንበሳሜ የቀረበ ዲስኩር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ሙያ ነው። ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ ፕሮግራም ስለሚያቀርበው፣ መቅረጫውን አንግቶ ገበያ ለገበያ ስለሚዞረው የሬዲዮ ጋዜጠኛ። ይህ ሙያ በአገራችን ወደ 90 ዓመት አስቆጥሯል። በእነዚህ ዓመታት መሣሪያው ተለውጧል፤ መንግሥታቱ ተለዋውጠዋል፤ አነጋገሩ ራሱ ተለውጧል። ያልተለወጠው ዘጋቢው የሚኖርበት ቦታ ነው። ዘጋቢው የሚኖረው ከተማ ነው። ወደ ወረዳዎቻችን ወደ ደራና ወደ ፎገራ የሚመጣው ወይ የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሲያጥለቀልቅ፣ ወይም ከበላይ አካል ጉብኝት ሲኖር ነው። ማታውኑ ይመለሳል። ዛሬ የምሟገተው ይህ መለወጥ አለበት ብዬ ነው፤ የምሟገተውም በሙያው ውስጥ ያለፉ ትልልቅ ሰዎች የሠሩትን ምስክር አድርጌ ነው።

ሬዲዮ ወደ አገራችን ሲገባ ሕዝቡ ለወሬ እንግዳ አልነበረም። ነጋሪት እየተጎሰመ፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እየተባለ አዋጅ ሲነገረው የኖረ ሕዝብ ነው። አዝማሪው በየሠርጉ ያየውንም የታዘበውንም ያሰማል። ከገበያ የሚመለስ መንገደኛም «ምን ወሬ አለ?» ሳይባል አያልፍም። ሬዲዮ የጨመረው ርቀትን ነው። አቃቂ ላይ የቆመው ጣቢያ ይህን ያሳየው በክፉ ቀን ዋዜማ ነበር። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚያ ሆነው ለውጭው ዓለም ተናገሩ። በዚያው ወር በ22ኛው ቀን የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። ዓለም ሰምቶ ዝም አለ፤ ሰምቷል ግን። ከድል በኋላ በ1933 ዓ.ም. ጣቢያው እንደገና ተናጋሪ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርት ዓመታት የሬዲዮ ሰው ሥራ በአብዛኛው ማንበብ ነበር። ወረቀቱ ተጽፎ ይመጣል፤ እሱ ያነበዋል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት መኮንኖች መጀመሪያ ከያዟቸው ቦታዎች አንዱ ሬዲዮ ጣቢያው ነው፤ አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰንም መግለጫውን በሬዲዮ አነበቡ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. የንጉሡ መውረድ የተሰማው በዚያው መንገድ ነው። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር መውጣታቸውን ለሕዝብ ያነበበው ዜና አንባቢው ዳሪዮስ ሞዲ ነበር። ያን ቀን ሬዲዮ አጠገብ የነበረ ሰው የት ቦታ ሆኖ እንደሰማው እስካሁን ይናገራል።

እነዚህን ዜና አንባቢዎች የማቃልል ሰው አይደለሁም። ቃል ሳይገድፉ፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ፣ የሚሰማቸውን ደስታም ፍርሃትም ወደ ጎን አድርገው ማንበብ ትልቅ ሥልጠና ይጠይቃል። ስም በትክክል መጥራት፣ ቁጥር ሳያደናግሩ ማስረዳት፣ የት ትንፋሽ እንደሚወሰድ ማወቅ፤ ዛሬ በየጣቢያው የጎደለን ይህ ነው። ነገር ግን የእነሱ ዘመን ዜና አንባቢ ድምፁን ሲያውስ ኖረ እንጂ ጥያቄ የመጠየቅ ዕድል እምብዛም አላገኘም። የሚናገረው ከላይ ወደ ታች ነበር። በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ለዜና አቀራረብ ሌላ መንገድ አሳይቶ ነበር፤ እሱም በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ።

ሕዝቡ በዚያ ጊዜ ሬዲዮን የወደደው በመግለጫው አልነበረም። የወደደው በተራኪው በወጋየሁ ንጋቱ ነው። «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ፕሮግራም የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ፣ ዓባይን ከተሻገርን እዚሁ ደጃችን ላይ ያለው ጎጃም በየቤቱ ገባ። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ፣ ጉዱ ካሣ ሲከራከር፣ በዛብህ ሲጨነቅ፣ አንድ ሰው ብቻውን መሆኑ ይረሳል። መጽሐፉን ማንበብ የማይችሉ ብዙ ሰዎች ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። ደምሴ ዳምጤም በስፖርቱ ይህንኑ አደረገ። በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ፣ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ዋንጫውን ስትወስድ፣ የእሱ ድምፅ ሜዳውን ላላየው ሰው ሜዳ ሆነለት። ተራኪውም ስፖርት ዘጋቢውም አንድ ነገር ያውቁ ነበር፤ በሬዲዮ ሰው ማየት የሚፈልገውን በቃል ማሳየት እንዳለባቸው።

አሁን ወደ ዋናዋ ባለታሪኬ ልምጣ። ስለ ወይዘሮ መዓዛ ብሩ ጠለቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በአገራችን የሬዲዮ ሙያ ከማንበብ ወደ መጠየቅ የተሻገረበትን ድልድይ ከሠሩት ሰዎች ግንባር ቀደሟ እሳቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ወይዘሮ መዓዛ የተወለዱት ሐረርጌ ውስጥ ሂርና በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ተማሪዎች ይህን ያዙልኝ፤ ሂርናም እንደ አንበሳሜ ትንሽ ከተማ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሠሩ። በ1992 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኤፍ ኤም ጣቢያ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲከፈት፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር «ጨዋታ» የተባለ ፕሮግራም ይዘው መጡ። ከዚያም በ2000 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከአበበ ባልቻና ከሌሎች ጋር ሸገር ኤፍ ኤም 102.1ን ሥራ አስጀመሩ። የግል ሬዲዮ ፈቃድ ከወሰዱት የመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አንዱ ነው። ሸገር የግል ንግድ ድርጅት ነው፤ ከማስታወቂያ ይኖራል። ሥራውን ግን የሕዝብ ሬዲዮ ሥራ እለዋለሁ፤ የእሸቴ አሰፋ «መቆያ»፣ በአንዷለም ተስፋዬ ድምፅ የሚተረኩት መጻሕፍት፣ ሁሉም አድማጩን አዋቂ ሰው አድርገው የሚያከብሩ ናቸው።

የወይዘሮ መዓዛ ትልቁ ሥራ «የጨዋታ እንግዳ» ነው። እንግዳው ይቀርባል፤ ጥያቄው የሚጀምረው ከሥልጣኑ ወይም ከዝናው አይደለም። የት ተወለዱ? እናትዎ ምን ይሠሩ ነበር? ትምህርት ቤት ማን አስገባዎት? የሰፈሩ ልጆች ምን ይጫወቱ ነበር? እንግዳው መጀመሪያ ይገረማል፤ ከዚያ ይፍታታል። አንድ ሰዓት ሲያልቅ ገና ልጅነቱ ላይ ነው። ስለዚህ በሳምንቱ ይቀጥላል፤ በቀጣዩ ሳምንትም። አንዳንዱ እንግዳ ለብዙ ሳምንታት ይቆያል። ይህ ለሬዲዮ ሥራ አስኪያጅ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ አድማጭ ይሰለቻል ተብሎ ይታሰባልና። አድማጩ ግን ፕሮግራሙ የሚተላለፍበትን ቅዳሜ ይጠብቅ ጀመር።

ይህ አሠራር ምን እንዳስገኘ አንድ ምሳሌ ልስጥ። አምባሳደር ዘውዴ ረታ የዚህ ፕሮግራም እንግዳ ነበሩ። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው ራሳቸው የሬዲዮ ዜና አንባቢና የቤተ መንግሥት ዘጋቢ ነበሩ፤ በኋላ ዲፕሎማት ሆኑ፤ ከዚያም «የኤርትራ ጉዳይ»ን፣ ስለ ተፈሪ መኮንንና ስለ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የሚተርኩትን ትልልቅ መጻሕፍት ጻፉ። አንድ ጊዜ የተጻፈለትን ያነብ የነበረ ሰው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ ራሱ ያየውን በራሱ ቃል ተናገረ። አምባሳደሩ በ2008 ዓ.ም. አረፉ፤ ድምፃቸው ግን ተቀርጾ ቀርቷል። መጽሐፋቸውን ያላነበበ ሰው ስለዚያ ዘመን አንድ ነገር የሚያውቀው ከዚህ የተነሣ ነው። የአንዲት ጋዜጠኛ ትዕግሥት ታሪክ ሆኖ ተቀመጠ ማለት ነው።

ታዲያ እኔ ቅር የሚለኝ ነገር አለ፤ በአክብሮት እናገረዋለሁ። የዚህ ዓይነቱ ረጅም ወንበር የተዘጋጀው ለአምባሳደር፣ ለጄኔራል፣ ለፕሮፌሰር፣ ለታዋቂ አርቲስት ነው። ጉማራ ዳር 40 ዓመት ያረሰ ገበሬ እንዲያ ቁጭ ተብሎ፣ ለብዙ ሳምንታት «ከዚያስ?» እየተባለ አልተጠየቀም። አሜሪካ ውስጥ ስተድስ ተርክል የሚባል የሬዲዮ ሰው ነበር። ቺካጎ ላይ በአንድ ጣቢያ ከእ.ኤ.አ. 1952 እስከ 1997 ድረስ 45 ዓመት ፕሮግራም አቅርቧል። ታዋቂ ሰዎችንም አነጋግሯል፤ ስሙ የሚነሣው ግን መቅረጫውን ይዞ ወደ ፋብሪካ ሠራተኛው፣ ወደ አስተናጋጇ፣ ወደ ቆሻሻ ጠራጊው ሄዶ «ቀንህ እንዴት ነው የሚውለው?» ብሎ በመጠየቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ከዚህ ሥራው ያወጣው መጽሐፍ የሥራ ሰዎችን ቃል የያዘ ትልቅ መዝገብ ሆኗል። ገበሬውንም እንዲያ ለመጠየቅ የወይዘሮ መዓዛ ትዕግሥትና የተርክል እግር አንድ ሰው ላይ መገናኘት አለባቸው።

ሕዝቡ መልስ እንደሚሰጥ ደግሞ በማስረጃ አይተናል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ ድራማ ይተላለፍ ነበር፤ 257 ክፍል። ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ሴት ልጅ ትምህርት የሚያስተምር ነው። አድማጮች የጻፉት ደብዳቤ ከ15,000 በላይ ነበር። ፖስታ ቤት በየወረዳው ባልነበረበት አገር፣ ወረቀትና ቴምብር ገዝቶ፣ ወይም ጸሐፊ ለምኖ፣ ስለ ድራማው ባለታሪክ «ፍቅርተ ምን ልትሆን ነው?» ብሎ መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም። የገጠር አድማጭ ዝም የሚለው የሚናገረው ስለሌለው አይደለም፤ ወደ እሱ የሚመለስ መስመር ስላልተዘረጋለት ነው።

ስለ ውጭ ጣቢያዎችም ጥቂት ልበል፤ በዚህ አካባቢ ብዙ አባወራ የባትሪ ድንጋይ የሚገዛው ለእነሱ ነበርና። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት መጋቢት 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ጀመረ። የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ከዚያ 17 ዓመት ያህል ቆይቶ መጣ። አጭር ሞገድ ከላይኛው የከባቢ አየር ንጣፍ ተንጸባርቆ ተራራ ስለሚሻገር፣ አዲስ አበባ ያለ የኤፍ ኤም ጣቢያ የማይደርስበት ቦታ እነሱ ይደርሱ ነበር። በየክፍለ ሀገሩ ዘጋቢ አስቀመጡ፤ ባሕር ዳር ላይ የተቀመጠ የእነሱ ዘጋቢ ከአዲስ አበባ ከሚላከው ቡድን የተሻለ እንደሚያውቅ አሳዩ። ግን መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የጀርመን ድምፅ አማርኛ 60ኛ ዓመቱን በሞላበት በዚያው ዕለት፣ ዋሽንግተን ላይ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ ገበታቸው እንዲርቁ ተደረገ፤ ሥርጭቱም ተቋረጠ። ከሌላ አገር በጀት የሚመጣ ድምፅ በሌላ አገር ውሳኔ ይቆማል። የራስ የሆነ ዘጋቢ ያስፈልጋል የምለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላውን ምክንያት እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ በብዙ ቤት የቀረው ሬዲዮ ነበር።

እንግዲህ ወደዚህ ወደ ደራና ወደ ፎገራ ሜዳ እንመለስ። ከዚህ ተነሥቶ እስከ ወረታ ያለውን አገር ማን ዘገበው?

ሩዝን እንውሰድ። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው ሩዝ ሲያስተዋውቁ ሥራው የተጀመረው በሁለት የገበሬዎች አምራች ማኅበራት ነው፤ አንዱ ፎገራ ውስጥ ሻጋ፣ ሌላው እዚሁ ደራ ውስጥ ጅግና። ዛሬ ገበሬው «ኤክስ ጅግና» የሚለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ክረምት ሲመጣ ውሃ የሚተኛበት፣ ከጓያና ከሽምብራ በቀር ብዙም ተስፋ የማይጣልበት ዋልካ መሬት የሩዝ አገር ሆነ። ወረታ በመፈልፈያ ማሽን ተሞላች፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ተቋቋመ። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ ዱቄት እየተቀላቀለ እንጀራ ይጋገራል። ይህ በአንድ ትውልድ ውስጥ የሆነ ትልቅ የኑሮ ለውጥ ነው። ስለዚህ ለውጥ በሬዲዮ የሰማነው ግን አብዛኛውን ጊዜ «ምርታማነት ጨመረ» የሚል አንድ አረፍተ ነገርና በሄክታር የሚነገር ቁጥር ነው።

እዚህ የሚኖር ዘጋቢ ቢኖር ምን ይጠይቅ ነበር? በውሃ ውስጥ ቆማ የምታርም ሴት ስንት ሰዓት ትቆማለች፤ እግሯስ እንዴት ያድራል? በመኸር ወቅት ዋጋ ወርዶ፣ ገበሬው ለዕዳ ሲል ሸጦ፣ በሰኔ ደግሞ ያንኑ እህል በውድ የሚገዛው ለምንድን ነው? በመፈልፈያው ላይ የሚሰበረው ሩዝ ኪሣራ የማን ነው? ከውጭ የሚገባው ሩዝ አዲስ አበባ ሱቅ ላይ ተደርድሮ የፎገራው ለምን ከኋላ ቀረ? ሩዙ የግጦሹን መሬት ሲይዝ የፎገራ ከብት የት ሄደ? ያ ከብት በወተቱም በጉልበቱም ስሙ የተጠራ ዘር ነው፤ ዛሬ ዘሩን ለመጠበቅ የአንዳሳ የምርምር ማዕከል እየጣረ ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ለአንድ ቀን ጉብኝት የሚሆኑ አይደሉም። ዘርን፣ አረምን፣ አጨዳን፣ ገበያን አብሮ የቆየ ሰው ብቻ ነው ቅደም ተከተላቸውን የሚያውቀው።

የካላ አዛርን በሽታ ነገር ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ በሽታው መኖሩ በምርመራ ተረጋገጠ፤ ፎገራንም ነካ። ከመረጋገጡ በፊት ሰዎች ሲታመሙ፣ ሆዳቸው ሲያብጥ፣ ሲከሱና ሲሞቱ በሽታው ወባ ነው እየተባለ ቆይቷል። የወባ መድኃኒት ይወሰዳል፤ አይሻልም። ካላ አዛር የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ በሽታውን ወደ ደጋው ያመጡት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይታመናል። ሐኪምን ለመውቀስ አይደለም ይህን ያነሣሁት፤ ጤና ጣቢያው የነበረው ዕውቀትም መሣሪያም ውስን ነበር። ግን የመንደሩ ሰው ሳይጠረጥር አይቀርም። «ይህ እኛ የምናውቀው ወባ አይደለም» የሚል ቃል በየለቅሶው ይነገር እንደነበር ለመገመት አይከብድም። በየለቅሶው የሚቀመጥ አንድ ዘጋቢ ቢኖርና ያን ቃል ወደ ባሕር ዳር ቢያደርስ፣ ምርመራው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ይጀመር ነበር ብዬ አምናለሁ። የዘጋቢ ሥራ ነፍስ ያድናል የምለው ለማጋነን አይደለም።

ጎርፉም እንዲሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ አገሩ ሁሉ ሰማ፤ የሰማው ግን ውሃው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ከላይ ከጉና ተራራ በኩል ዝናቡ ሲከብድ የታችኛው አገር ሰው ምን ያህል ጊዜ አለው? ከብቱን የት ያውጣ? እህሉን የት ይስቀል? ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይህን የሚናገር በአካባቢው የታመነ ድምፅ ያስፈልጋል። ያ ድምፅ የሚታመነው በጎርፍ ቀን ብቻ ስለመጣ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ ውሃ ፓምፕ ሲናገር ስለተሰማ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ተማሪዎቹ ልዙር። ከመካከላችሁ ለዚህ ሙያ የሚሆን ሰው አለ። ከሙያው ያገኘሁትን ጥቂት ነገር ልስጣችሁ።

የመጀመሪያው ለጆሮ መጻፍ ነው። በአማርኛ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አድማጭ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን የሚለውን ሁሉ ተሸክሞ ግሡን ይጠብቃል። አረፍተ ነገሩ ከረዘመ ግሡ ሲደርስ መነሻውን ረስቶታል። ጋዜጣ አንባቢ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እንስራ ተሸክማ እየሄደች የምትሰማ ሴት ግን አትመለስም። ስለዚህ አሳጥሩ። ቁጥርን ለብቻው አትወርውሩ፤ ስንት ሄክታር እንደሆነ ስትናገሩ ያ ምን ያህል ቤተሰብ ያኖራል የሚለውን አያይዙ። በሰባት ደረጃ ማዕረግ የተጻፈውን የመሥሪያ ቤት ስም ሁሉ አትደርድሩ። ከቢሮ የሚመጣውን ቋንቋ ወደ ቤት ቋንቋ መልሱት፤ «የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ተካሄደ» ከማለት ማን ለማን ምን እንዳስረዳ ተናገሩ።

ሁለተኛው ድምፅን መስማት ነው። ማሽኑ ሲፈለፍል፣ ፓምፑ ሲያንኳኳ፣ የገበያው ሁካታ፣ የማሳው ጸጥታ፣ ሁሉም ዘገባ ናቸው። ሰው ከማነጋገራችሁ በፊት መቅረጫውን ከፍታችሁ የቦታውን ድምፅ ብቻ ለአፍታ ቅረጹ። ቀደም ባለው ጊዜ ዘጋቢ ከባድ ባለ ክር መቅረጫ በትከሻው አንግቶ ይሄድ ነበር፤ ስቱዲዮ ገብቶ ክሩን በምላጭ ቆርጦ በፕላስተር ይቀጥል ነበር። ዛሬ በኪሳችሁ ያለው ስልክ ያን ሁሉ ይሠራል። መሣሪያ ጎደለን ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው አክብሮት ነው፤ ይህ ከሁሉ ይከብዳል። ሽማግሌን ስታነጋግሩ ቆማችሁ ማይክሮፎን አፋቸው ላይ አትደቅኑ። ቁጭ በሉ። ስለ ከብታቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ጠይቁ። ዝም ካሉ ዝም በሉ፤ ሰው እውነተኛውን ነገር የሚናገረው ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው። ሴትን ስታነጋግሩ ባሏ አጠገብ ቆሞ በእሷ ፋንታ እንዲመልስ አትፍቀዱ። በእምነት የተነገራችሁን ስም አትግለጹ። የተሳሳተ ነገር አሰራጭታችሁ ከሆነም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ፕሮግራም አርሙ።

ሙያው አደጋ እንዳለው አልደብቃችሁም። በዚህ አገር ጋዜጠኛ ታስሯል፤ ተሰድዷል። አንዱ ወገን ሲወደው ሌላው ይጠረጥረዋል። በዚህ በአሁኑ ጊዜ በክልላችን ጋዜጠኛ መሆን ምን እንደሚጠይቅ ሁላችን እናውቃለን። የገጠር ዘጋቢ ደግሞ የዘገበባቸው ሰዎች ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ማታ የት እንደሚያድር ያውቃሉ። ስለዚህ ጥበቃው ከሕዝቡ መምጣት አለበት። አባቶች፣ ነውራችሁን ያወጣ ልጅ ሲመጣ አታባርሩት። የወረዳ አመራሮችም፣ ዘጋቢ የስብሰባ ድምፅ ማጉያ እንዳልሆነ ተረዱልኝ፤ የሚያሳፍር ነገር ሲጠይቃችሁ መልሱን ስጡት።

መንገዱ በሕግ ክፍት ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አዋጅም በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅም ለማኅበረሰብ ሬዲዮ ቦታ ሰጥተዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቀደም ብሎ የራሱን የማኅበረሰብ ሬዲዮ አቋቁሟል። ከሊቦ ከምከም እስከ ደራ ያለው ሜዳ ከሕዝቡ ብዛትና ከሚያመርተው እህል አንጻር የራሱ ጣቢያ የማይገባው አይደለም። ያ እስኪሆን ድረስ ግን መጠበቅ የለብንም። ባሕር ዳር ካለው ከአማራ ሬዲዮ እዚህ ድረስ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም። ጣቢያዎቹ የሚጠብቁት ሰው ነው።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ላሉት የጣቢያ ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ስታዘጋጁ ለደራና ለፎገራ አንድ ዘጋቢ መድቡ፤ ቤቱን አንበሳሜ ወይም ወረታ ተከራይቶ የሚኖር፣ በክረምቱም የማይሄድ። ዕድሜ ልኩን ያረሰ ገበሬ ለማነጋገር ደግሞ በሳምንት አንድ ሰዓት ስጡት፤ ለአምባሳደር የተሰጠው ትዕግሥት ለገበሬውም ይሰጠው።

ለተማሪዎች ያለኝ ቃል አጭር ነው። በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ካሉት ሽማግሌ ጋር ተቀመጡ፤ ሩዝ ወደ ጅግና የመጣበትን ዓመት ጠይቁ፤ በስልካችሁ ቅረጹ፤ ስማቸውን፣ ቀኑንና ቦታውን መዝግቡ። ያን ቅጂ አታጥፉት፤ ለመምህራችሁ ስጡ፤ መምህሩም ወደ ጣቢያው ይላከው።